መፋቅና ማሟሟት፦ «የማይለቅ» የተባለውን ቀለም ከአሮጌ የጌም ማኅደር ላይ ስለ ማንሳት

አንድ ዕቃ ከፊታችን አስቀምጠን እንጀምር። ዕቃው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የ«ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ» ጌም ማስቀመጫ ነው። የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ በሰሜን አሜሪካ «ጀነሲስ» ብሎ ለሸጠው መጫወቻ የተሠራ ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ሥዕሉ የታተመበት ወረቀት በውጭ በኩል ባለው ስስ ላስቲክ ሥር ይገባል። በዚህ ላስቲክ ላይ አንድ ልጅ በወፍራም ጥቁር ማርከር ስሙን ጽፎበታል። የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ትልልቅ ናቸው፤ ቦታው እያለቀ ሲሄድ ይጠባሉ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ጠርዙን ታጥፋ ወደ ጎን ወርዳለች።

ይህን ዕቃ ካገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ የገዛ ሰው መጀመሪያ በውሃ ይሞክራል፤ አይለቅም። ሳሙና ይጨምራል፤ አይለቅም። ከዚያ በጥፍሩ፣ በሽቦ መፈግፈጊያ፣ ቤት ውስጥ ባገኘው ጠንካራ ነገር ሁሉ ማሸት ይጀምራል። ስሙ ሳይጠፋ ላስቲኩ ይጫጫራል። ይህ የሆነው ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የያዘውን ነገር ምንነት የሚያስረዳው ስላላገኘ ነው። ስለዚህ ከእጃችን በፊት ማስተዋላችንን እናዘጋጅ።

አንደኛ፦ የቃላት ፍቺ

በዚህ ትምህርት ሦስት ቃላት ደጋግመን እንጠቀማለን። የመጀመሪያው ማኅደር ነው። ማኅደር በግዕዝ ማደሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን የብራና መጽሐፍ የሚያድርበትን የቆዳ ቤት በዚህ ስም ይጠሩታል። እኛም የጌም ካሴት ወይም ሲዲ የሚያድርበትን ቤት ማኅደር እንለዋለን።

ሁለተኛው ቃል ቀለም ነው። ቀለም ስንል አንድ ነገር ይመስለናል፤ ነገር ግን የሦስት ነገሮች ውሕድ ነው። አንዱ ማቅለሚያው ነው፤ ጥቁር ወይም ቀይ ሆኖ የሚታየን እርሱ ነው። ሁለተኛው ሙጫው ነው፤ ማቅለሚያውን ከተጻፈበት ነገር ጋር ያጣብቀዋል። ሦስተኛው አሟሚው ነው፤ ሁለቱን አቅጥኖ ከብዕሩ እንዲፈሱ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። የጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለምም የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ጥላሸቱ ማቅለሚያ፣ ሙጫው ማጣበቂያ፣ ውሃው አሟሚ ነው።

ሦስተኛው ቃል «የማይለቅ» የሚለው ነው። ሰውን የሚያሳስተው ይህ ነው። የማርከሩ ቀለም አሟሚ ውሃ ሳይሆን አልኮል ነው። በጻፍን በጥቂት ሰከንድ አልኮሉ ይተናል፤ ማቅለሚያውና ሙጫው ደርቀው ይቀራሉ። ደርቆ የቀረው ሙጫ ውሃ አያሟሟውም። እንግዲያው «የማይለቅ» ማለት በውሃ የማይለቅ ማለት እንጂ በምንም የማይለቅ ማለት አይደለም።

እስካሁን ያልነውን እንሰብስብ። ቀለም ማቅለሚያ፣ ሙጫና አሟሚ ነው፤ የማርከር ቀለም አሟሚ አልኮል ነው፤ ስለዚህ ውሃ ያልፈታውን አልኮል ሊፈታው ይችላል። «እሾህን በእሾህ» የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ሁለተኛ፦ በመፋቅና በማሟሟት መካከል ያለው ልዩነት

ቀለምን ከአንድ ነገር ላይ ለማንሳት ሁለት መንገዶች አሉ። መፋቅ ማለት ቀለሙን ከተቀመጠበት ገጽ ጋር አብሮ መላጥ ነው። ማሟሟት ማለት ገጹን ሳይነኩ የሙጫውን ትስስር ብቻ መፍታት ነው።

መፋቅ በራሱ ክፉ አይደለም። የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቆ በቦታው ይጽፋል። ብራና ቆዳ ስለሆነና ውፍረት ስላለው ስስ ሽፋን ቢነሳለትም ይችለዋል። የጌም ማኅደር ግን ውበቱ ያለው በገጹ ልስላሴ ነው። ብርሃን እኩል የሚያንጸባርቀው ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ከተፋቀ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘውን ወደ ቀድሞው መመለስ እጅግ ያስቸግራል።

መፋቅ ሁልጊዜ ራሱን እንደማይገልጥም እናስተውል። የጥርስ ሳሙና ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ጥርስን የሚፈገፍግ ደቃቅ ዱቄት አለ። የሜላሚን ስፖንጅ የተባለው ነጭ ስፖንጅም በእጅ ሲነካ እንደ ጥጥ ነው፤ ሥራው ግን እጅግ የደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። ሁለቱም ቀለሙን ያነሳሉ፤ አንጸባራቂውንም አብረው ይወስዳሉ። ስለዚህ አንድን ዘዴ ስንመዝን «ቀለሙን ያነሳል ወይ?» ብለን ብቻ አናቁም፤ «ሲያነሳ ሌላ ምን ይነካል?» ብለን እንጨምር።

ሦስተኛ፦ የተጻፈበትን አካል ማወቅ

አሟሚ ሙጫን እንደሚፈታ አይተናል። ፕላስቲክን የሚፈታ አሟሚም አለ። ስለዚህ ቀለሙን ማወቅ ግማሽ እውቀት ነው፤ ሌላው ግማሽ ቀለሙ ያረፈበትን ማወቅ ነው።

ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ትንሽ ይተጣጠፋል፤ የፕሌይስቴሽን 2 ማኅደር የመሰሉት የዲቪዲ ቤቶች በአብዛኛው ከእርሱ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ 5 ቁጥር ይገኛል። አሟሚዎችን በደንብ ይቋቋማል። ፖሊስታይሪን እንደ መስታወት የጠራና ተሰባሪ ነው፤ ቁጥሩ 6 ሲሆን የተለመደው የሲዲ ቤት የሚሠራው ከእርሱ ነው። ኤቢኤስ የሚባለው ደግሞ ጠንካራ ነው፤ የኔንቲዶና የሴጋ ካሴቶች አካል ከእርሱ የተሠራ ነው።

አሁን አሴቶንን እንመልከት። አሴቶን ብዙ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዎች ውስጥ ያለ ኃይለኛ አሟሚ ነው። የማርከርን ቀለም በአንድ ጊዜ ያነሳል፤ ፖሊስታይሪንንና ኤቢኤስን ግን ራሳቸውን ያሟሟቸዋል። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ በአንድ የሲዲ ቤት ላይ ሞክሬው ነበር። ጽሑፉ ወዲያው ጠፋ፤ በቦታው ግን እንደ ጭጋግ ነጭ የሆነ ሻካራ ገጽ ቀረ፤ የጥጡም ክሮች ከለሰለሰው ፕላስቲክ ጋር ተጣብቀው ደረቁ። ስሙን አጠፋሁ ብዬ የጠራውን ክዳን አጠፋሁት። በዚያ ቀን የተማርኩት ኃይለኛ መሆንና ተስማሚ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ተስማሚው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። በፋርማሲ 70፣ 91 ወይም 99 በመቶ ሆኖ ይሸጣል። ቀሪው ውሃ ስለሆነ ከፍ ያለው መጠን ፈጥኖ ይፈታል፤ 70 በመቶውም ታግሠን ብንደጋግመው ይሠራል። ሳኒታይዘርም አልኮል አለበት፤ ነገር ግን እጅ እንዳይደርቅ የሚጨመርበት ግሊሰሪን የሚያጣብቅ ቅሪት ስለሚተው በኋላ መጥረግ ያስፈልጋል።

ወረቀትና ካርቶን ግን ከዚህ ሁሉ ይለያሉ። የሱፐር ኔንቲዶ ጌሞች በካርቶን ይሸጡ ነበር። ካርቶን ቀለሙን እንደ ጥጥ ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ አልኮል ብንጨምርበት ያሰፋዋል፤ የታተመውንም ሥዕል ያበላሻል። በካሴት ላይ የተለጠፈው የወረቀት ሥዕልም እንዲሁ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈውን መተው ይሻላል።

አራተኛ፦ የሥራው ቅደም ተከተል

አልኮል በቀላሉ እሳት ይይዛል። ስለዚህ መስኮት ከፍተን፣ ከምድጃ፣ ከከሰልና ከሻማ ርቀን እንሥራ። ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አንቀላቅለው፤ መርዛማ ነገር ይወጣዋል።

ከዚያ ወረቀቱንና ካሴቱን ከማኅደሩ ውስጥ እናውጣ። ማኅደሩን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበን እናድርቅ። ይህ የማርከሩን ቀለም አያነሳም፤ አቧራውን ግን ያነሳል። አቧራ ላይ ካሸን አቧራው ራሱ ይጫጭራል።

ቀጥሎ በማይታይ ቦታ፣ በውስጥ ጠርዝ ላይ፣ በጥቂት አልኮል እንፈትን። ገጹ ካልደበዘዘና ካልተጣበቀ እንቀጥል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደረስን። ጥጥ በአልኮል እናርጥብ፤ የሚንጠባጠብ አይሁን። በፊደሉ ላይ አሳርፈን እስከ አሥር እንቁጠር። ይህ ዝምታ ሥራ ነው፤ ሙጫው የሚፈታው በእርሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ከፊደሉ ዳር ወደ መሀሉ እያንከባለልን እናንሳው። ጥጡን ገልብጠን ስናየው ጥቁር ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፦ ቀለሙ አልጠፋም፤ ቤቱን ለወጠ እንጂ። ከፕላስቲኩ ወደ ጥጡ ሄዷል። የጠቆረውን ጥጥ መልሰን ብንጠቀምበት ወደ ፕላስቲኩ ይመለሳል። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ጥጥ እንያዝ። ብዙ ሰው «አልኮል ሞከርኩ፣ ይልቁንም ተስፋፋ» የሚለው አልኮሉ ሳይሠራ ቀርቶ ሳይሆን ጥጡን ስላልለወጠ ነው።

አልኮል ካላገኘን የዋይትቦርድ ማርከር ይረዳናል። በአሮጌው ጽሑፍ ላይ ደርበን ጽፈን ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እንጥረገው። በውስጡ ያለው አሟሚ አሮጌውን ሙጫ ይፈታል፤ በውስጡ ያለው እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ደግሞ ሁለቱም አብረው እንዲነሱ ያደርጋል። ይህ በለስላሳና በጠንካራ ገጽ ላይ ብቻ ይሠራል።

በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን እናድርቅ። ወረቀቱን የምንመልሰው ሁሉም ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።

አምስተኛ፦ የት እንደምናቆም

አንዳንዴ ጽሑፉ ከተነሳ በኋላ እንደ ጥላ የደበዘዘ ምልክት ይቀራል። ይህ በገጹ ላይ ያለ ቀለም አይደለም፤ ማቅለሚያው በዓመታት ውስጥ ወደ ፕላስቲኩ ሰርጎ ገብቷል። በተለይ ለስላሳ ላስቲክ እንዲህ ይመጥጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመን ጥጡ ነጭ ሆኖ ከወጣ አልኮሉ የሚደርስበት ቀለም አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብንቀጥል ሳናውቀው ከማሟሟት ወደ መፋቅ እንሻገራለን። ነጩ ጥጥ የማቆሚያ ምልክታችን ይሁን።

የአሮጌ ፕላስቲክ ቢጫነትም ከእድፍ ይለያል። እድፍ ከውጭ የመጣ ነው፤ ቢጫነት ግን ፕላስቲኩ ራሱ በብርሃንና በዕድሜ ሲለወጥ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አልኮል አያነሳውም።

ስድስተኛ፦ ማንሳት ይገባል ወይ?

እንዴት እንደሚነሳ ካወቅን በኋላ መነሳት አለበት ወይ ብለን እንጠይቅ። ይህን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ያመጣነው የሚችል ሰው ብቻ በነጻነት ሊመርጥ ስለሚችል ነው።

ልጁ ስሙን የጻፈው ዕቃውን ለማበላሸት አልነበረም። ጌም ውድ ነበር፤ በጓደኛሞች መካከልም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ስሙን የጻፈው እንዲመለስለት ነው። እድፍ ብለን የጀመርነው ነገር የልጁ የጥንቃቄ ምልክት ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ተጽፎበታል፤ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለፈ የሚጠይቅ ተመራማሪ ዛሬ በዚያ በተፋቀ ቦታ ላይ ዓይኑን ያደክማል።

ስለዚህ ጽሑፉን ከማንሳታችን በፊት ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ጽሑፉ የሠሪው ወይም የታወቀ ሰው ፊርማ አለመሆኑን እናጣራ። ሁለተኛ፣ ፎቶ እናንሳው። ከዚያ ማኅደሩን ማጽዳት መብታችን ነው፤ መተውም እንዲሁ።

ሁሉንም እንጠቅልል። «የማይለቅ» ማለት በውሃ የማይለቅ ማለት ነው። ማሟሟት ትስስሩን ይፈታል፤ መፋቅ ገጹን ይወስዳል። ቀለሙንም አካሉንም የሚያውቅ ተስማሚውን ይመርጣል። ቀለም ቤቱን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ነጭ ጥጥ ሲወጣም እናቆማለን።

አሁን ወደዚያ ጥቁር ማኅደር እንመለስ። ጥጡን በመጀመሪያዋ ትልቅ ፊደል ላይ አሳርፈን፣ እስከ አሥር ቆጥረን፣ ቀስ ብለን እናንሳው።