ገና የጀመረ የጨጓራ ካንሰር፦ ሐኪሙ "ምን ያህል ጠልቋል?" ብሎ የሚጨነቀው ለምንድን ነው?



ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስንት ያክላል? ተሰራጭቷል ወይ?" ብለን ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ገና በጀመረ የጨጓራ ካንሰር ላይ ግን ህክምናውን ከሚወስኑት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ጥልቀቱ ነው። ልዩነቱ ደግሞ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ከዚህች ግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲህ ያለ ሰው ሆዱ ሳይከፈት በኢንዶስኮፒ ብቻ ታክሞ ሊድን ይችላል። ወዲያ ያለው ግን የጨጓራው ከፊል ወይም ሙሉው በቀዶ ጥገና ሊወጣለት ይችላል።

ታዲያ ሐኪሞች ገና ሳይቆርጡ ጥልቀቱን እንዴት ይገምታሉ? ግምቱ ምን ያህል ይታመናል? ዛሬ ይህን እናያለን።

🔹 "ገና የጀመረ" ሲባል ምን ማለት ነው?

የጨጓራን ግድግዳ እንደ ቤት ግድግዳ አስቡት። ከውስጥ በኩል ቀለሙ አለ፣ ከቀለሙ ስር ልስኑ፣ ከልስኑ ጀርባ ብሎኬቱ፣ በመጨረሻ የውጭው ሽፋን።

👉 ቀለሙ፦ ምግብ የሚነካው የውስጠኛው ሽፋን ነው። ሙኮሳ ይባላል።
👉 ልስኑ፦ ከሱ ስር ያለው ሽፋን ነው። ሰብሙኮሳ ይባላል። የደም ስሮችና የሊምፍ ቱቦዎች በብዛት የሚያልፉት እዚህ ነው።
👉 ብሎኬቱ፦ ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው።
👉 የውጭው ሽፋን፦ ጨጓራን ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው።

የጃፓን የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች ማህበር በ1962 ባወጣው ትርጉም መሰረት፣ ካንሰሩ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽፋኖች ካላለፈ "ገና የጀመረ" ይባላል። ይህ ትርጉም ዛሬም በመላው ዓለም ይሰራበታል። ልብ በሉ፣ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትርም ይሁን 5፣ ጡንቻው ጋ እስካልደረሰ ድረስ ስሙ ያው ነው።

🔹 ጥልቀቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል?

ግድግዳው ቀለም ላይ ያለ ቆሻሻ ተፋቆ ይወጣል። ልስኑ ውስጥ ከተቀበረው ቧንቧ ከገባ ግን ውሃው የት እንዳደረሰው ማወቅ ይከብዳል። ካንሰርም እንደዚሁ ነው። የውስጠኛው ሽፋን ላይ ብቻ ካለ፣ በጨጓራ ዙሪያ ወዳሉት ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) የመድረስ ዕድሉ ከ100 ሰው 3 ገደማ ነው። ወደ ሁለተኛው ሽፋን ከገባ ግን ከ100 ሰው ወደ 20 ይደርሳል።

በ2000 የታተመ አንድ ትልቅ የጃፓን ጥናት ጨጓራቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን 5,265 ታካሚዎች መዝገብ አገላብጧል። ከነሱ ውስጥ 1,230ዎቹ ካንሰራቸው በውስጠኛው ሽፋን የተወሰነ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሴሎቹ ቅርጽ ብዙ ያልተበላሸ ነበር። ካንሰሩ ወደ ንፍፊት የደረሰበት ስንት ሰው ተገኘ? አንድም ሰው! እንዲህ ላለ ታካሚ ጨጓራውን ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? የዛሬው በኢንዶስኮፒ ልጦ የማውጣት ህክምና የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሽፋን ውስጥ ደግሞ መስመሩ 0.5 ሚሊ ሜትር ላይ ተሰምሯል። ከዚያ በታች ከሆነና ሌሎቹ መስፈርቶች ከተሟሉ በኢንዶስኮፒ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን በአብዛኛው ከነንፍፊቶቹ የሚያወጣ ቀዶ ጥገና ይመከራል።

🔹 "ናሙና ተወስዷል አይደል? እሱ አይናገርም እንዴ?"

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። በኢንዶስኮፒ የሚወሰደው ናሙና (ባዮፕሲ) ከላይ የተቆነጠረች የሩዝ ፍሬ የማታክል ቁራጭ ናት። ካንሰር መሆኑንና ዓይነቱን ትናገራለች፤ ስሩ የት እንደደረሰ ግን አትናገርም። ሲቲ ስካንም ቢሆን ወደ ጉበት ወይም ወደ ንፍፊት መሰራጨቱን ለማየት ይጠቅማል እንጂ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይለይም። ስለዚህ ሐኪሙ ሌሎች መንገዶችን ይጠቀማል፦

1️⃣ በዓይን ማየት
ልምድ ያለው የኢንዶስኮፒ ሐኪም ቁስሉን ዝም ብሎ አያልፈውም። በጣም የቀላ ነው? ወለሉ ወጣ ገባ ይላል? ጠርዙ እንደ ትንሽ ኮረብታ አብጧል? ወደ ቁስሉ የሚመጡት የጨጓራ እጥፋቶች ጫፋቸው ወፍሯል ወይስ እርስ በርስ ተጣብቀዋል? ከ3 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? እነዚህ ምልክቶች ሲደራረቡ ካንሰሩ ጠልቋል የሚለው ጥርጣሬ ይጨምራል።

2️⃣ በአየር መንፋት
ፊኛ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ብትነፉት ምን ይሆናል? ሌላው ሲለጠጥ ፕላስተር ያለበት ቦታ ደርቆ ይቀራል። ሐኪሙም ጨጓራውን በአየር በደንብ ይነፋዋል። ቁስሉ ከግድግዳው ጋር አብሮ ከተለጠጠ ካንሰሩ ላይ ላዩን የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሳይለጠጥ እንደ ጉብታ ከቀረ ስር ሰዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀላል ይመስላል፣ ግን በጃፓን ሐኪሞች እጅ በጣም ጠቃሚ ምልክት ሆኖ ተገኝቷል።

3️⃣ የውስጥ አልትራሳውንድ
ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፒ የጨጓራን ግድግዳ ሽፋን በሽፋን ያሳያል። ችግሩ፣ የድሮ ቁስል የተወው ጠባሳ በምስሉ ላይ ካንሰር ሊመስል ይችላል። በዚህ የተነሳ ካንሰሩ ከእውነቱ የጠለቀ ተብሎ ሊገመት ይችላል።

4️⃣ ሰው ሰራሽ አስተውሎት
በሻንጋይ የሚገኙ ሐኪሞች በ2019 ባሳተሙት ጥናት ኮምፒውተርን በኢንዶስኮፒ ፎቶዎች አሰልጥነው በ203 ፎቶዎች ፈትነውት ነበር። 89 በመቶ ገደማውን በትክክል ለይቷል፤ ይህም አብረው ከተፈተኑት ሐኪሞች የተሻለ ነበር። ይሁንና ጥናቱ ከአንድ ሆስፒታል የተገኙ፣ ተመርጠው የቀረቡ ፎቶዎች ላይ የተሰራ ነው። አረፋና ደም ባለበት፣ በሚንቀሳቀስ ጨጓራ ላይ መስራት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ለጊዜው የሐኪሙ ረዳት እንጂ ተተኪ አይደለም።

🔹 ግምቱ ቢሳሳትስ?

ስህተቱ በሁለት በኩል ሊመጣ ይችላል።

❌ ሳይጠልቅ "ጠልቋል" ቢባል፦ ሰውየው ሊተርፍ ይችል የነበረ ጨጓራውን ያጣል። ጨጓራ ሲወጣ በልቶ መጥገብ እንደ ድሮው አይሆንም። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ያስፈልጋል። ከምግብ በኋላ ማላብ፣ የልብ መምታትና ተቅማጥ ሊኖር ይችላል። ሙሉው ከወጣ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ነው።

❌ ጠልቆ ሳለ "አልጠለቀም" ቢባል፦ በኢንዶስኮፒ ይወጣል፣ ከዚያ የፓቶሎጂ ውጤቱ እውነቱን ይናገራል። በአብዛኛው ቀዶ ጥገናው ተጨምሮ ይሰራል።

ለዚህ ነው ምልክቶቹ ግልጽ ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ በቁርጥ ጥልቅ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ከሌለ፣ ልምዱ ያላቸው ሐኪሞች መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ አንድ ላይ ልጠው ማውጣትን የሚመርጡት። ህክምናም ነው፣ የመጨረሻው ትክክለኛ ምርመራም ነው። ግን ቀላል አይደለም፤ ደም መፍሰስና የጨጓራ መበሳት ሊያጋጥም ስለሚችል የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል።

የወጣው ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥልቀቱ፣ ጠርዙ ንጹህ መሆኑ፣ የደም ስር ወይም የሊምፍ ቱቦ ውስጥ መግባቱ፣ ዓይነቱና ስፋቱ ይመዘገባል። የመጨረሻው ውሳኔ ከዚህ በኋላ ነው።

🔹 "ይሄ ሁሉ የጃፓን ወሬ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?"

ጥሩ ጥያቄ! በደቡብ ኮሪያ ዕድሜው 40 የሞላ ሰው በየሁለት ዓመቱ የጨጓራ ምርመራ እንዲያደርግ ይጋበዛል። ካንሰሩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ደረጃ የሚያገኙት ሳያማቸው ስለሚፈልጉት ነው። ገና የጀመረ የጨጓራ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ቢኖረውም ተራ ቃር ወይም የሆድ መነፋት ይመስላል።

እኛ ዘንድ ግን "ጨጓራዬ ነው" ብሎ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል እየገዙ ለወራት መዋጥ የተለመደ ነው። አደጋው እዚህ ጋ ነው፦ መድኃኒቱ ህመሙን ከማስታገስ አልፎ የካንሰር ቁስል ለጊዜው የዳነ እንዲመስል ሊያደርግ ይችላል። ጊዜ ያልፋል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትሩም ያልፋል።

✅ እነዚህ ካሉ ሳትዘገዩ ኢንዶስኮፒ ተነሱ፦
• ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ
• ምግብ ሲዋጥ መያዝ ወይም ማስቸገር
• ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ
• ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ
• የማያቋርጥ ትውከት፣ ጥቂት በልቶ ወዲያው መጥገብ
• አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት የጨጓራ ካንሰር ከነበረባቸውና የጨጓራ ህመም ካላችሁ
• በዕድሜ ገፋ ካላችሁ በኋላ አዲስ የጀመረ የጨጓራ ህመም

✅ የጨጓራ ቁስለት አለባችሁ ከተባላችሁ "ናሙና ተወስዷል ወይ? ህክምናውን ስጨርስ ድጋሚ ይታያል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ መዳኑ በኢንዶስኮፒ ይረጋገጣል።

✅ ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ከተገኘባችሁ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ጨርሱ፣ መጥፋቱንም አረጋግጡ። ይህ ባክቴሪያ በ1994 በዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ካንሰሩ በኢንዶስኮፒ ለወጣላቸው ሰዎችም ባክቴሪያውን ማጥፋት አዲስ ካንሰር የመውጣት ዕድሉን ይቀንሳል።

✅ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ "ገና የጀመረ የጨጓራ ካንሰር ነው" ከተባላችሁ፣ ለቀዶ ጥገና ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦
1. ጥልቀቱ ምን ያህል ይገመታል? በምን ታየ?
2. ስፋቱና ዓይነቱ ምንድን ነው? ቁስለት አለው?
3. በኢንዶስኮፒ ሊወጣ ይችላል? እዚህ ካልተሰራ የት ይሰራል?

እነዚህን መጠየቅ ሐኪምን መጠራጠር አይደለም። መልሱን በወረቀት ይዛችሁ ሌላ ሐኪም ማማከርም መብታችሁ ነው። ግን "ሌላ አስተያየት ልስማ" በሚል ወራት አይለፉ፤ በሳምንታት ውስጥ ይወሰን።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የግል ምርመራችሁን አይተካም። ኦሜፕራዞልን ከኪሱ የማይለይ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልን።