የእጅ ጌም ማጫወቻን መፈታታት፦ ከጌም ቦይ እስከ ወንጪ ልጆች

ልጅ የተገዛለትን ዕቃ በብሎን መፍቻ ሲከፍት ከተገኘ «አበላሸኸው!» መባሉ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ወላጆች እውነት አላቸው፤ ዕቃው በገንዘብ የተገዛ ነው። ሆኖም በዓለም ዙሪያ ብዙ ባለሙያዎች ሥራቸውን የጀመሩት እንዲህ ባለ መፈታታት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መፈታታት መቼ ትምህርት፣ መቼስ ጥፋት እንደሚሆን በእጅ ጌም ማጫወቻዎች ታሪክ እንመለከታለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃኪንግ ሲባል የባንክ ሒሳብ ዘረፋ ይታወሰናል። የቃሉ ሌላ ትርጉም ግን የአንድን መሣሪያ ውስጥ መርምሮ ሠሪው ያላሰበውን ሥራ ማሠራት ነው።

የመጀመሪያው ቁልፍ

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ጌም ቦይን በ1989 ለገበያ አቀረበ። በአራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራ ነበር። ማሽኑ ሲበራ፣ የገባው ካሴት ውስጥ የኒንቴንዶ አርማ በትክክል መኖሩን ያመሳክራል፤ አርማው ከሌለ ሥራ አይጀምርም። የትርፍ ጊዜ ሞካሪዎች ይህን አሠራር ካወቁ በኋላ የራሳቸውን ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። ለምሳሌ ጀርመናዊው ኦሊቨር ቪቾቭ በ1998 ናኖሉፕ የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ መጫወቻውን የሙዚቃ መሣሪያ አደረገው።

በ2001 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ ደግሞ ስክሪኑ መብራት አልነበረውም። መብራት ሲጠፋ የምናጠና የጁባ ነዋሪዎች ችግሩ ይገባናል። ሞካሪዎች ማሽኑን ከፍተው፣ ሽቦ በይደው ትንሽ መብራት ገጠሙለት። በ2003 ኩባንያው ራሱ መብራት ያለውን አዲስ ሞዴል አወጣ።

ቁልፉ ወደ ሶፍትዌር ሲዞር

ሶኒ ፒ.ኤስ.ፒን በ2004 መጨረሻ በጃፓን መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ሶፍትዌር የኩባንያው ፈቃድ የሌለውን ፕሮግራም ሳይከለክል ያሠራ ነበር። ሶኒ ያንን ቀዳዳ ሲደፍን ሞካሪዎች ሌላ አገኙ፤ አንደኛው በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ፎቶ በመክፈት ብቻ የሚሠራ ነበር። በ2007 ደግሞ የባትሪውን መለያ ቁጥር በመለወጥ፣ ማሽኑን ለጥገና በተዘጋጀው መንገድ ማስነሣት ተቻለ። በዚህ ዘዴ ሶፍትዌራቸው ተበላሽቶ የሞቱ ብዙ ማሽኖች እንደገና ሠርተዋል።

በ2018 በኒንቴንዶ ስዊች ላይ የተገኘው ቀዳዳ ከዚህ ይለያል። ስሕተቱ የነበረው በፋብሪካ ቺፑ ውስጥ በተቀረጸው ኮድ ላይ ስለሆነ፣ አስቀድመው የተሸጡትን ማሽኖች በአዲስ ሶፍትዌር መጠገን አልተቻለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በ2012 በኢትዮጵያ ሁለት መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ፣ ለትንንሽ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ሰጠ። በየመንደሩ 20 ያህል ነበሩ። አስተማሪ አልተመደበም፤ ባትሪው በፀሐይ ኃይል ይሞላ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። የታብሌቶቹ ካሜራ ተዘግቶ፣ የስክሪኑም አቀማመጥ እንዳይለወጥ ተቆልፎ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ቁልፉን አልፈው ስክሪኑን በየራሳቸው መንገድ አስተካከሉ፤ ካሜራውንም ከፈቱ።

እነዚህ ልጆች ያደረጉት የፒ.ኤስ.ፒ ሞካሪዎች ካደረጉት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ «ይህ ለምን ተዘጋ?» ብለው ጠየቁ። አባቶቻችንም «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ።

ወሰኑ የት ነው?

ያው ቁልፍ መክፈቻ ለስርቆትም ይውላል። የሌላውን ድካም ያለክፍያ ገልብጦ መሸጥ ወንጀል ነው፤ በ2022 አሜሪካ ውስጥ የስዊች መክፈቻ መሣሪያ ይሸጥ ከነበረ ቡድን አንድ አባል 40 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናስታውስ፦

1. የምንከፍተው የራሳችንን ዕቃ፣ ወይም ባለቤቱ የፈቀደልንን ብቻ ይሁን።
2. ያበጠ ባትሪ አንነካም፤ ሊቲየም ባትሪ ከተበሳ እሳት ያስነሣል።
3. ከመፍታታችን በፊት እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ እናንሣ፣ ብሎኖቹንም በተራ እናስቀምጥ። መልሶ መግጠም ያልቻለ ሰው ትምህርቱን ገና አልጨረሰም።

ውድ ወላጆች፣ ቤት ውስጥ የማይሠራ አሮጌ ስልክ ካለ ባትሪውን በባለሙያ አስወጥታችሁ ለልጆቻችሁ ስጧቸው። በኮኞ ኮኞ ገበያ ስልክ የሚጠግኑት ወጣቶችም አንድ ቀን የመጀመሪያውን ብሎን ፈትተዋል። ከቁጣው በፊት «ውስጡ ምን አገኘህ? ምን አገኘሽ?» ብለን እንጠይቃቸው።