መንገድ ላይ ያለው ጉድጓድና የኢማን ቅርንጫፍ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ለሌላ ጁሙዓ አድርሶናል።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መንገድ ነው። በየቀኑ ስለምንረግጠው አስፋልትና ኮብልስቶን። «ይህ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው፣ ከጁሙዓ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ሐዲሡን አብረን እንመልከት።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን ብዙ ቅርንጫፎች እንዳሉት ነግረውናል። ከሁሉም በላይ ያለው የተውሒድ ቃል ነው። ከታች ያለው ደግሞ «አዛ»ን ከመንገድ ላይ ማስወገድ ነው። ብዙዎቻችን «ከታች» የሚለውን ሰምተን እናልፈዋለን። ከታች ያለ ቅርንጫፍ ግን የማንም እጅ የሚደርስበት ቅርንጫፍ ነው። ሀብት አይጠይቅም፣ ብዙ ዒልም አይጠይቅም። ስለዚህ ለመተው ምክንያት የምናጣለት እሱ ነው።

አዛ ማለትስ ምንድን ነው? ኢማሙ ነወዊ ሐዲሡን ሲያብራሩ ድንጋይም ይሁን እሾህ ወይም ሌላ፣ መንገደኛን የሚጎዳ ነገር ሁሉ እንደሚገባበት ገልጸዋል። ጉድጓድም ከዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ እሾህ አንስተህ ትጥለዋለህ፤ ጉድጓድ ግን አይነሳም። የሚወገደው በመድፈን፣ በመክደን ወይም ሰው እንዲጠነቀቀው ምልክት በማድረግ ነው።

አሁን ብስክሌት የሚነዳውን ወንድማችሁን አስቡት። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት ከድሮም የሚታወቅባቸው ከተሞች ናቸው። በአዲስ አበባም ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ግን ጉድጓዱ ይጠብቀዋል። መኪና ውስጥ ላለ ሰው ጉድጓድ መንገጫገጭ ነው። ለብስክሌተኛ የፊት ጎማው ገብቶ ሲቆም ሰውነቱ በመሪው ላይ አልፎ ይወረወራል። በክረምት ደግሞ ውሃ ሞልቶ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሚሆን ጥልቀቱ አይታይም። ልሽሸው ብሎ ወደ ግራ ቢያጥፍ ከኋላ የሚመጣ መኪና አለ። አንድ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ አንዲትን እናት ያለ ልጅ ሊያስቀራት ይችላል።

ጉድጓዱ ከየት መጣ? ውሃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ይገባል፣ ከሥር ያለውን አፈር ያለሰልሳል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ላዩ ይሰበራል። ውሃው መንገዱ ላይ የሚተኛው ብዙ ጊዜ የመውረጃው ቦይ ስለተደፈነ ነው። ቦዩን የደፈነው ደግሞ እኛው የጣልነው ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ነው። ኮብልስቶን ከሆነ አንድ ድንጋይ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ይላላሉ። ውሃ ለማስገባት መንገዱን ቆፍሮ፣ አፈሩን ሳይጠቀጥቅ ትቶት የሚሄድም አለ። የማንሆል ክዳን ሰርቆ የሚሸጥም አለ።

ይህ በፊቅህ ቀላል ነገር አይደለም። ያለ መብቱ የሕዝብ መንገድ ላይ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው፣ አንድ ሰው ገብቶ ቢጎዳበት ዑለማዎች ዶማን (ተጠያቂነት) እንዳለበት ጽፈዋል። «እኔ አልገፋሁትም» ማለት አያድነውም። ስለዚህ በራችሁ ላይ ያስቆፈራችሁት መንገድ እስኪደፈን ድረስ በአንገታችሁ ላይ ያለ ሐቅ ነው።

የመንግሥት ኃላፊነትስ? አለ፣ ትልቅም ነው። ማወርዲይ ከዛሬ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በጻፉት የአስተዳደር መጽሐፋቸው መንገድን መጠበቅ ከሙሕተሲብ ሥራ ውስጥ ቆጥረውታል። ስለ ዑመር (ረ.ዐ) በሰፊው የሚነገረው በኢራቅ ስለምትደናቀፍ በቅሎ ነው፤ በቀደምት መጻሕፍት የሚገኘው ግን በፉራት ወንዝ ዳር ባክኖ ስለሚሞት ግመል ነው። መልእክቱ አንድ ነው፦ መሪ ስለ እንስሳ እንኳ መጠየቅን ይፈራል። ሥልጣን ያለው ስለ ሥልጣኑ ይጠየቃል፤ እኛ ደግሞ እጃችን ስለሚደርስበት እንጠየቃለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አዛ አንሁን። ቦይ ውስጥ ቆሻሻ አንጣል። ቤት ስንሠራ አሸዋና ጠጠር መንገድ ላይ አንበትን፤ ጠጠር ለብስክሌት ጎማ እንደ በረዶ ያንሸራትታል።

ሁለተኛ፣ ምልክት እናድርግ። ግን ትልቅ ድንጋይ አስቀምጦ መሄድ በማታ ሌላ አዛ መፍጠር ነው። ከሩቅ የሚታይ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት። ጉድጓዱ ሲደፈን ምልክቱንም እናንሳ።

ሦስተኛ፣ የሰፈር ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ሆነን በደንብ ጠቅጥቀን እንድፈን። ትልቅ ከሆነ ወይም ዋና መንገድ ላይ ከሆነ ፎቶ አንስተን፣ ቦታውን ጽፈን ለወረዳው እናመልክት። መልስ ካጣን ደግመን እንሂድ። ለሰው ብሎ ቢሮ መመላለስም ከኒያ ጋር ዒባዳ ነው።

አራተኛ፣ ይህ ለዛሬው ቀን ነው። ለጁሙዓ ስንመጣ መኪናችንን የብስክሌት መስመር ላይ አናቁም። መስመሩን ስንዘጋበት ብስክሌተኛው ወደ መኪናውና ወደ ጉድጓዱ ይወጣል። ፈርድ ልንሰግድ መጥተን፣ የሰው ሐቅ ተሸክመን አንመለስ።

አምስተኛ፣ ለምትነዱ፦ ሰውነታችሁ አማና ነው። ግመሉን ሳያስር ተወኩል የሚል ሰው ምን እንደተባለ ታውቃላችሁ። ውሃ ያቆረ ቦታ ላይ ፍጥነት ቀንሱ፣ ፍሬናችሁን ፈትሹ፣ ሄልሜት አድርጉ፣ በማታ ያለ መብራት አትንዱ።

ከመንገድ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ስላነሳው ሰው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን አስታውሱ። ሌላ ሥራው አልተነገረንም፣ ስሙም አልተነገረንም። አላህ ግን ሥራውን ወደደለት፣ ማረውም። እናንተም በሰፈራችሁ የምታውቁት አንድ ጉድጓድ አለ። በየቀኑ ዘላችሁት ታልፋላችሁ። ማን ያውቃል፣ ምሕረታችሁ እዚያ ይሆናል። ከዛሬው አስር ሰላት በኋላ ሄዳችሁ እዩት።

አላህ የሚጠቅመውን ዒልም ይስጠን፣ በሰማነው የምንሠራ ያድርገን፣ በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ቤታቸው ያግባልን። ኣሚን። ዛሬ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛታችንን፣ ሱረቱል ካህፍንም አንርሳ።

ወላሁ አዕለም።