አንድ ታክሲ ሲቆም ስንት ሰው ይቆማል?

ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ቅጣት

ጠዋት ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ በትራፊክ ፖሊስ ምልክት ይቆማል። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይወርዳል፤ ክርክሩ ይረዝማል፤ ነገሩ ከከረረም ታርጋ ይፈታል። የቅጣት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም የሹፌሩ ብቻ ነው። ውስጥ ያሉት ተማሪ፣ ነርስና የቀን ሠራተኛ የከፈሉት ሰዓት ግን የትም አይመዘገብም። እስቲ ይህን ያልተጻፈ ሂሳብ አብረን እናስላው።

የአሥር ደቂቃ ሂሳብ

አንድ የመኪና ረድፍ መብራትም ሆነ እንቅፋት ባይኖርበት በሰዓት 1,800 ያህል መኪና ሊያሳልፍ ይችላል፤ በደቂቃ 30 ማለት ነው። ሁለት ረድፍ ያለው መንገድ 60 ያሳልፋል። በሥራ መግቢያ ሰዓት በደቂቃ 50 መኪና ይመጣል እንበል። መንገዱ ይችለዋል።

አሁን የቆመው ታክሲ አንዱን ረድፍ ዘጋ። የሚመጣው 50፣ የሚያልፈው 30። በየደቂቃው 20 መኪና ይጠራቀማል፤ በ10 ደቂቃ 200 ይሞላል። ለአንድ መኪና 7 ሜትር ብንሰጥ፣ በሁለቱም ረድፍ 700 ሜትር ወደኋላ የሚዘልቅ ሰልፍ ነው።

ታክሲው ሲነሳስ? ብዙዎቻችን ሰልፉ ወዲያው የሚበተን ይመስለናል። መንገዱ 60 ሲያሳልፍ ከኋላ 50 እየጨመረ ነውና፣ የሚቀንሰው በደቂቃ 10 ብቻ ነው። 200ውን ለመጨረስ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የ10 ደቂቃ ክርክር የግማሽ ሰዓት መጨናነቅ ወለደ ማለት ነው። ሰልፉ ከኋላ ያለ መጋጠሚያ ላይ ከደረሰ ደግሞ በዚህ መንገድ የማይሄደውንም ይይዛል።

ታዲያ ቁጥጥሩ ይቅር?

በፍጹም! ፍጥነትን የሚገታው ቁጥጥር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ5 በመቶ ሲቀንስ ሰው የሚሞትባቸው አደጋዎች በ30 በመቶ ሊቀንሱ ይችላሉ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ታክሲ ለመያዝ መንገድ የሚሻገረው ያው ተሳፋሪ። የሰከረ ሹፌርና ፍሬን የማይዝ መኪና የትም፣ በየትኛውም ሰዓት ይቁሙ።

የሰነድ ምርመራ ግን ታክሲው ሰው ሳይጭን፣ መነሻው ላይ ሊሠራ ይችላል። ማቆም ግድ ከሆነም ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ከመጋጠሚያ ርቆ ይሁን።

«ጎንበስ በሉ!»

ማምሻውን ረዳቱ ትራፊክ ፖሊስ አይቶ «ጎንበስ በሉ!» ሲል በትርፍ የተጫነው ሰው ወዲያው ይታዘዛል። ሕግ ንቆ አይደለም፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ መሽቶበታል። ትርፍ መጫን አደገኛ ነው፣ መቀጣትም አለበት። ቢሆንም ቅጣቱ ወንበር አይጨምርም፤ መንገድ ላይ የወረደው ሰው የሚቀጥለው ታክሲም ላይ ትርፍ ሆኖ መሳፈሩ አይቀርም። በማታው ሰልፍ ላይ ተጨማሪ አውቶቡስ ሳይመደብ ቁጥጥር ብቻውን የትም አያደርስም።

መስመር አቆራርጦ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ተሳፋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ጥብቅ ቁጥጥርም በቀጥታ የሚጠቅመው እሱን ነው። የሚያሳዝነው፣ መንገድ ዳር የቆመ ፖሊስ ይህን ጥፋት በቀላሉ አያየውም። ታፔላው የት እንደሚል፣ የት «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» እንደተባለና የታርጋውን ቁጥር የሚያውቀው ከታክሲው የወረደው ሰው ነው። ቁጥጥሩ ለተሳፋሪ እንዲሆን ከተፈለገ ይህን መረጃ የሚቀበል ሰው መውረጃው ላይ መቆም አለበት።