እንግዳውን አካል ጉዳተኛ የቲም ማሳከም



በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል። እኛ በአብርሃ ጅራ የምንኖር፣ እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሱዳናዊ የቲም ቢመጣብን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቲምነት ብቻውን ለዘካ አያበቃም፤ ድኽነትና መንገደኛነት ግን በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተዘረዘሩት ስምንቱ ወገኖች ናቸው። ስለዚህ ችግረኛው የቲም የባዕድ ልጅ ነው ተብሎ አይገፋም።

ሁለተኛ፣ ሕክምናው በአንድ ጉዞ አያልቅም። የሕፃን ቆልማማ እግር በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ ይቃናል፤ ከዚያም እስከ 4 ዓመት ገደማ ሌሊት የሚደረግ ልዩ ጫማ ያስፈልገዋል። ጫማው ከተቋረጠ እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። እንግዲያውስ የአንድ ቀን መሳፈሪያ ሰጥተን ግዴታችንን ተወጣን አንበል፤ የክትትሉንም ወጪ ከወዲሁ እንነይት።

ቀደምት ሶሐቦች ሲሰደዱ ሐበሻ ተቀብላቸዋለች። አላህ ከየቲም አሳዳጊዎች ያድርገን። አሚን።