የጕድጓዱ ባለቤት ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዛሬው ትምህርታችን ቤት ስለ መግዛት እንነጋገራለን። የመዋኛ ገንዳ ያለበት ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉ፤ ገንዳው ግን አጥር የለውም። ደላላው «ከገባችሁ በኋላ ታሳጥሩታላችሁ» ይላል። ሻጩም «ስንት ዓመት ኖርንበት፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ነገሩ የውልና የግንበኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ቅዱስ መጽሐፍ ግን ስለዚህም ዝም አላለም።

በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሀገር ቤት ሳለን ይህን ቃል ብዙዎቻችን ዝም ብለን እናልፈው ነበር። የሣር ክዳን ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ ማን አለ? እዚህ መካከለኛው ምሥራቅ ስንመጣ ግን ነገሩን በዓይናችን አየነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ልብስ ይሰጣበታል፣ አመሻሽ ላይ ሰው ይቀመጥበታል። ቅዱስ ጴጥሮስም በኢዮጴ ሊጸልይ የወጣው ወደ እንዲህ ያለው ጣሪያ ነበር (ሐዋ. 10፥9)። ኦሪት እንግዲህ ጣሪያ ላይ መውጣትን አልከለከለችም፤ ዙሪያው ይከበብ አለች እንጂ። ገንዳም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ሙቀት ልጆቹን ውኃ ውስጥ የሚያጫውት አባት ምንም በደል የለበትም።

«ትእዛዙ ለሠራው ሰው ነው፤ እኛ የገዛነው የተሠራውን ነው» የሚል ቢኖር ዘፀአት 21፥33-34ን ይመልከት። ጕድጓድ ሳይከደን ቀርቶ የሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ካሣውን የሚከፍለው የጕድጓዱ ባለቤት ነው። ደግሞም ቃሉ የቆፈረውን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ የከፈተውንም ነው። ሌላው የቆፈረውን ከፍቶ የተወም «እኔ አልቆፈርኩም» ብሎ አያመልጥም ማለት ነው። ለአህያ እንዲህ ከተባለ ለሕፃን ምን ሊባል ነው?

የዘመናችን ሕግም ወደዚሁ ያደላል። የአውስትራሊያዋን የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እንውሰድ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዳ ያለበት ቤት ሲሸጥ ስለ ገንዳው ደኅንነት የሚመሰክር ወረቀት ከውሉ ጋር ይያያዛል። አጥሩ ጕድለት ቢኖርበትም ጕድለቱ ተገልጾ ቤቱ መሸጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ግዴታው በገዢው ላይ ይወድቃል፤ ከርክክቡ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ማስተካከል አለበት። በሕግ ፊት 90 ቀን ይበቃ ይሆናል። ዳዴ የሚል ልጅ ላለበት ቤት ግን አንድ ከሰዓት በኋላም ብዙ ነው። ሕጉ ከሀገር ሀገር ስለሚለያይ እያንዳንዳችን የምንኖርበትን ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሳንጠይቅ አንፈርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ሲሰጥም ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ አይንቦጫረቅም፤ ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ነገሩ ያልቃል። «ድምፅ ብሰማ እሮጣለሁ» የምትል እናት ይህን ማወቅ አለባት።

አጥር ሲባልም ሁሉም አጥር አይደለም። የግቢው አጥር ሌባ ይከለክላል፤ ከሳሎን ወጥቶ ወደ ውኃው የሚሄደውን የራስን ልጅ ግን አይከለክልም። በብዙ ቪላዎች የሳሎኑ ተንሸራታች መስታወት በቀጥታ ወደ ገንዳው ይከፈታል፤ ቤቱ ራሱ እንደ አራተኛ አጥር ይቆጠራል። ይህ አይበቃም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል እንደሚለው ገንዳውን ከቤቱም ጭምር የሚለይ የአራት ጎን አጥር ከሦስት ጎኑ ጋር ሲነጻጸር የልጅን የመስጠም አደጋ በ83 በመቶ ይቀንሳል። ከላይ ያነሣነው ግዛት ቢያንስ 1.2 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከሥሩም ሆነ በዘንጎቹ መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት የሌለው አጥር ይጠይቃል። በሩ ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ ይሁን። አጥሩ አጠገብ ወንበር፣ የአበባ ማስቀመጫ ወይም የኤሲ ሞተር ካለ ልጅ መሰላል አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንን እናስብ። ምሳ ታበስላለች፣ በር ትከፍታለች፣ ሦስት ልጆች ትጠብቃለች፤ አጥር በሌለው ገንዳ ዳርም «ዓይንሽ ከልጁ አይነቀል» ትባላለች። የሰው ዓይን ይደክማል። አንድ ነገር ቢደርስ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው አጥሩን ወዳላሠራው ሳይሆን ወደ እርሷ ነው። ስለዚህ ቤት የምትገዙ፣ ሠራተኛም የምትቀጥሩ ምእመናን፣ አጥሩን ለእርሷም ስትሉ አሠሩት። እናንተም እኅቶች፣ ገንዳው አጥር ከሌለው ሥራውን ስትጀምሩ ለእመቤቲቱ በትሕትና ንገሩ፤ ቢቻል በስልክ መልእክት ጽፋችሁ አስቀሩት።

«ቤቱን ካህን ባርኮታል፣ ጠበል ተረጭቶበታል፤ እግዚአብሔር ይጠብቀናል» የሚልም አይጠፋም። ቤት ማስባረክ መልካም ነው። ነገር ግን ሰይጣን ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰለት ስለ መላእክት ጥበቃ የተነገረውን መዝሙር ነበር (ማቴ. 4፥5-7)። ጌታችንም መልሶ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነገረው። ማጠር እየቻሉ ሳያጥሩ መላእክትን መጠበቅ ከዚያ ፈተና የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ከመፈረማችን በፊት አጥሩን ማን እንደሚያሠራ፣ ወጪው ከዋጋው ይቀነስ እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚያልቅ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጩ እምቢ ካለ የአጥሩን ዋጋ በቤቱ ዋጋ ላይ ደምረን እናስብ፤ ካልበቃን ያ ቤት ለእኛ አይደለም። ልጆቹም አጥሩ ሳያልቅ አይግቡ። «እስከዚያው ውኃውን እናፈሰዋለን» ለምትሉ፣ ወንድሞቹ ዮሴፍን የጣሉበት ጕድጓድም ውኃ አልነበረበትም (ዘፍ. 37፥24)፤ ባዶ ገንዳ ሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያወድቅ ገደል ነውና እርሱም እስኪታጠር ድረስ ይዘጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።