ቄጠማ ሣር ነው?

ጥያቄ፦ በሀብሩ፣ በመርሳ ዙሪያ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከሣር በምን ይለያል?

መልስ፦ ሣር ይመስላል እንጂ አይደለም። አገዳውን ቆርጦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ማንከባለል ነው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን በመሆኑ አልሽከረከርም ይላል። ውስጡ ድፍን ነው፣ አንጓም የለውም። የሣር አገዳ ግን ክብና ባለ አንጓ፣ አብዛኛውን ጊዜም ውስጡ ባዶ ነው።

በእጽዋት ሳይንስ ወገኑ ሳይፐረስ ይባላል፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የዚሁ ወገን ነው።

ጀንከስ የተባለው የረግረግ ተክል አገዳው ክብ ስለሆነ ሣር መስሎ ያሳስታል። ፊላ ግን ቡናማ፣ ወፍራም ራሱ ከሩቅ ያስታውቃል።

ቄጠማ የሚገኘው እርጥበት በማይለየው ምንጭ፣ ወንዝና መስኖ ቦይ ዳር ነው። ስሙ ለብዙ ዝርያዎች ስለሚውል፣ ትክክለኛውን ለማወቅ ቅጠሉ ብቻ አይበቃም፤ አበባው እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው።